ጎርፉ ይወስደዋል? ወቅትን ያየ የፍሳሽ ገደብና የደቻቱ ሒሳብ

ክረምት ገብቶ የድሬዳዋው ወንዝ ደቻቱ ሲመጣ ለሚያይ ሰው አንድ ሐሳብ ቶሎ ይመጣለታል፦ ይህ ሁሉ ውሃ እያለ ፍሳሽን ያን ያህል ማጣራት ለምን ያስፈልጋል? ጎርፉ ይወስደው የለም ወይ? ሐሳቡ የዋህ ይመስላል እንጂ ከንቱ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ለብዙ ዓመታት በሕግና በፈቃድ ውስጥ ተጽፎ ሲሠራበት ቆይቷል። ወቅትን ያየ የፍሳሽ ገደብ ይባላል። ወንዙ ሲሞላና ውሃው ሲቀዘቅዝ ገደቡ ይላላል፣ ሲጎድልና ሲሞቅ ይጠብቃል፤ በልዩነቱ ገንዘብ ይድናል።

ይህ ሒሳብ ድሬዳዋ ላይ ሲደርስ ግን ይገለበጣል። እንዴት እንደሚገለበጥ ለማየት መጀመሪያ ሒሳቡ በተሠራበት ቦታ ምን እንደሚመስል ማየት ያስፈልጋል።

ገደብ የሚባለው ምንድን ነው?

አንድ ማጣሪያ ጣቢያ ውሃውን ሲለቅ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም ብክለት ሊቀር እንደሚችል ተቆርጦ ይሰጠዋል። ገደቡ ይህ ቁጥር ነው። በብዛት የሚነሱት አራት ናቸው፦ ቢኦዲ፣ አሞኒያ፣ ናይትሬትና ጀርም፤ ጀርሙ ግን በሚሊ ግራም ሳይሆን በቁጥር ይለካል።

ቢኦዲ የሚለካው በተዘዋዋሪ ነው። ፍሳሹን በጠርሙስ ከድኖ በ20 ዲግሪ ሙቀት ለ5 ቀን ማስቀመጥ፣ ከዚያ በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች ቆሻሻውን ሲበሉ ስንት ኦክስጅን እንደጨረሱ ማየት ነው። ብዙ ኦክስጅን ካለቀ ብዙ ቆሻሻ ነበረ ማለት ነው። ከመኖሪያ ቤት የሚወጣ ፍሳሽ አብዛኛውን ጊዜ በሊትር ከ200 እስከ 400 ሚሊ ግራም ይይዛል። ውሃ በጀሪካን እየተቆጠበ በሚኖርበት ሰፈር ከዚህም ይወፍራል፤ ቆሻሻው ያው ሆኖ የሚያቀጥነው ውሃ ስለሚያንስ ነው።

አሞኒያ በዋናነት ከሽንት ይመጣል። ጣቢያው ውስጥ ያሉ ልዩ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያገኙ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማስታወስ ይበጃል፤ የድሬ ነገር የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው።

ገደብ ሲጠብቅ ዋጋው ለምን ይዘላል?

የቆሸሸ ነጠላ ሲታጠብ የመጀመሪያው ውሃ አብዛኛውን እድፍ ይዞ ይሄዳል። ሁለተኛው ትንሽ ይጨምራል። ጥለቱ ላይ የቀረችውን አንዲት የወጥ ጠብታ ለማስለቀቅ ግን ከቀረው ሁሉ የሚበልጥ ሳሙናና ጊዜ ያልቃል። ፍሳሽም እንዲሁ ነው። ቢኦዲን ከ400 ወደ 100 ማውረድ በኩሬና በፀሐይ ብቻ ይቻላል። ከ100 ወደ 30 ለማውረድ ሰፋ ያለ ኩሬ ወይም አየር የሚነፋ ሞተር ያስፈልጋል፤ ከ30 ወደ 10 ሲሆን ደግሞ ተጨማሪ ማጥለያ ይመጣል። እያንዳንዷ የመጨረሻ ሚሊ ግራም ከቀደመችው ትወደዳለች።

ኢኮኖሚስቶች የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው፦ ያቺ ውድ የመጨረሻ ሚሊ ግራም በየትኛው ወር ጥቅም ትሰጣለች? ዓመቱን ሙሉ እኩል ካልጠቀመች ዓመቱን ሙሉ ለምን እንከፍልባታለን?

ወንዙ ሲሞላ ምን ይለወጣል?

በምሳሌ እንየው። በቀን 5,000 ሜትር ኩብ የሚለቅ ጣቢያ አለ እንበል፤ በሴኮንድ 58 ሊትር ማለት ነው። ቢኦዲው 30 ነው። ተቀባዩ ወንዝ ከላይ ሲመጣ 2 ይዟል። የሁለቱን ጭነት ደምሮ ለጠቅላላው ውሃ ማካፈል ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ወንዙ በሴኮንድ 580 ሊትር ሲያወርድ ድብልቁ 4.5 ይሆናል። በበጋ ቀጥኖ ወደ 58 ሊትር ሲወርድ ድብልቁ 16 ይደርሳል፤ ዓሣ ይታፈናል፣ ወንዙ ይሸታል። በክረምት 2,000 ሊትር ሲያወርድ ጣቢያው ሰነፍ ሆኖ 60 ቢለቅ እንኳ ድብልቁ 3.6 ብቻ ነው። ማለትም ገደቡ በእጥፍ ላልቶም ወንዙ ከ580 ሊትሩ ጊዜ የተሻለ ንጹሕ ነው። አንድ ማንኪያ ጨው ብርጭቆ ውስጥና በርሜል ውስጥ አንድ አይደለም።

ይህን ሳያይ ለመጥፎው ወር የተቆረጠ አንድ ቁጥር ዓመቱን ሙሉ የሚጫን ከሆነ ጣቢያው በብዙዎቹ ወራት ማንም የማይጠቀምበትን ጽዳት በኤሌክትሪክ ይገዛል። በአሜሪካ ለብዙ ፈቃዶች መነሻ የሚሆነው በ10 ዓመት አንዴ የሚያጋጥመው የ7 ቀን ዝቅተኛ ፍሰት ነው። ወቅታዊ ገደብ ይህን ስሌት በየወቅቱ ለይቶ መሥራት ነው።

ሙቀትስ ምን አገባው?

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ሞቃት ውሃ ኦክስጅን አይዝም። በባሕር ጠለል ከፍታ 10 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 11.3 ሚሊ ግራም ኦክስጅን ሲይዝ በ25 ዲግሪ 8.3 ብቻ ይይዛል። እንደ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ደግሞ ወደ 7.2 ይወርዳል። ለብዙ ዓሦች 5 ያስፈልጋል፤ ትርፉ ሁለት ገደማ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ አሞኒያ በሙቀት መርዝነቱ ይጨምራል። ውሃ ውስጥ ያለው አሞኒያ ሁሉ ዓሣ አይገድልም፤ የሚገድለው በነፃ ጋዝ መልክ ያለው ድርሻ ነው። የአሲድነት መለኪያው 8 በሆነ ውሃ ይህ ድርሻ በ10 ዲግሪ ከ2 በመቶ በታች ነው፤ በ30 ዲግሪ 7.5 በመቶ ይደርሳል። ስለዚህ ቀዝቃዛ አገሮች በብርድ ወራት የአሞኒያን ገደብ ማላላታቸው ምክንያት አለው። ሌላም አላቸው፦ አሞኒያ በሊታዎቹ ባክቴሪያዎች ብርድ አይወዱም። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው የአውሮፓ የከተማ ፍሳሽ መመሪያ በየቀኑ ለሚለካው ናይትሮጅን (በአሞኒያም በናይትሬትም ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ያስቀመጠው ገደብ የማጣሪያ ገንዳው ሙቀት 12 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሲሆን የሚጸና ነው።

ገንዘቡ የሚድነው ከየት ነው?

ብዙ ጊዜ ተሸፍኖ የሚታለፈው ይህ ነው። የማጣሪያ ጣቢያ ወጪ ሁለት ኪስ አለው፦ የግንባታና የማስኬጃ። ገንዳው አንዴ ከተቆፈረና ኮንክሪቱ ከተደፋ በኋላ ገደቡ ለሦስት ወር ቢላላም ብድሩ አይላላም።

ቀዝቃዛ አገር ላይ የገንዳውን ስፋት የሚወስነው ብርዱ ነው። አሞኒያ በሊታዎቹ በ10 ዲግሪ ሙቀት ዘራቸው እንዳይጠፋ የሚኖሩበት ጭቃ መሰል ዝቃጭ ከ10 ቀን በላይ ገንዳ ውስጥ መቆየት አለበት፤ በ25 ዲግሪ 4 ቀን ገደማ ይበቃል። ስለዚህ የብርዱ ወራት ገደብ ቢላላ ገንዳውን ራሱን አሳንሶ መሥራት ይቻላል። ትልቁ ቁጠባ እዚያ ነው።

ድሬዳዋ ግን የቀዝቃዛው ወሯ አማካይ ሙቀት እንኳ ከ20 ዲግሪ በላይ ነው። ባክቴሪያዎቹ ዓመቱን ሙሉ ይሠራሉ። የገንዳውን ስፋት የሚወስነው ደረቁ ወቅት ስለሆነ፣ በክረምት ማላላት አንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት አያስቀንስም። የሚቀረው የማስኬጃው ቁጠባ ነው፤ እሱንም እናስላው።

ያ 5,000 ሜትር ኩብ ጣቢያ በሊትር 40 ሚሊ ግራም አሞኒያ ናይትሮጅን ይቀበላል እንበል፤ በቀን 200 ኪሎ ነው። አንድ ኪሎውን ለመለወጥ 4.57 ኪሎ ኦክስጅን ይፈጃል፤ ጠቅላላው 914 ኪሎ። አየር መንፊያው በአንድ ኪሎዋት ሰዓት 1.3 ኪሎ ኦክስጅን ውሃው ውስጥ ካስገባ በቀን 700 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ለሦስት ወር ቢቆም 63,000 ኪሎዋት ሰዓት ይድናል። በቆጣሪው ታሪፍ ማባዛት ነው። አየር መንፋት በእንዲህ ያለ ጣቢያ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ግማሽና ከዚያ በላይ ስለሚይዝ ቁጠባው አይናቅም።

ነገር ግን ከዚህ የሚበልጥ መንገድ አለ። ናይትሬቱን አየር በሌለው ገንዳ ውስጥ ከጥሬው ፍሳሽ ጋር ቢያገናኙት፣ ባክቴሪያዎች በኦክስጅን ፈንታ ናይትሬቱን ተጠቅመው ቢኦዲውን ይበላሉ፤ ናይትሮጅኑም ጋዝ ሆኖ ይወጣል። በአንድ ኪሎ ናይትሮጅን 2.86 ኪሎ የሚያህል ኦክስጅን ተመላሽ ይሆናል። ከ200 ኪሎው 140ውን ብቻ በዚህ መንገድ ቢያስወግዱ በቀን 300 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይቀነሳል። የማዋሃጃና የመመለሻ ፓምፑ ፍጆታ ከዚህ ላይ ይነሳል፤ ቢሆንም ቁጠባው የሦስት ወር ሳይሆን የ12 ወር ነው። ጀበናና ማሞቂያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚጋግረው የድሬ ውሃ እዚህ ላይ ውለታ ይሠራል፦ አሞኒያ ሲለወጥ ገንዳውን ያሾመጥጣል፣ የኖራ ድንጋይ ያጠነከረው ውሃ ግን ይህን ይችለዋል። ለስላሳ ውሃ ያላቸው ከተሞች ኖራ እየገዙ ይጨምራሉ።

ታዲያ ደቻቱስ?

እስካሁን ያለው ሁሉ አንድ ነገር ታሳቢ አድርጓል፦ ወንዙ ዓመቱን ሙሉ ውሃ አለው። ደቻቱ የለውም። ከዚራንና መጋላን የሚለየው ያ ሰፊ አሸዋ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው። ቀመሩ ውስጥ የወንዙን ፍሰት ዜሮ አድርጉት፤ ድብልቁ ያው 30 ነው። ወንዙ ፍሳሹን አይበርዘውም፣ ፍሳሹ ራሱ ወንዙ ይሆናል።

ክረምቱም ቢሆን እንደሌላው ወንዝ ክረምት አይደለም። ደቻቱ ሲመጣ ዝናብ በተራራው ላይ በጣለ በሰዓታት ውስጥ ይመጣል፣ በሰዓታት ውስጥ ይሄዳል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው የወሰደው አስቀድሞ ጊዜ ስላልሰጠ ጭምር ነው። እንዲህ ባለ ወንዝ ላይ ሦስት የክረምት ወራትን “ውሃ ያለባቸው” ብሎ መፈረጅ ስህተት ነው፤ ውሃ ያለባቸው ጥቂት ቀናት ናቸው፣ በመካከላቸው ያለው አሸዋ ነው።

አሸዋ ደግሞ ይጠጣል። በአልጋው ላይ የተለቀቀ ፍሳሽ የተወሰነው ይተናል፣ የተወሰነው ወደ ታች ይሰርጋል። ድሬዳዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው፤ የሳቢያን ጉድጓዶች የከተማዋ ዋና ምንጭ ሆነው ኖረዋል። ሐረማያ ሐይቅ ከደረቀ ወዲህ ሐረርም ከድሬዳዋ ዙሪያ ቆላ ተስቦ በሚወጣ የጉድጓድ ውሃ ላይ ተደግፋለች። ስለዚህ እዚህ ተቀባዩ ወንዝ ሳይሆን የመጠጥ ውሃ ጉድጓዱ ነው። ገደቡም ለእሱ ነው መቆረጥ ያለበት።

የትኛው ብክለት ቂም ይይዛል?

ወቅታዊ ገደብ የሚሠራው ቂም ለማይዝ ብክለት ነው። ቢኦዲ ቂም የለውም፤ ዛሬ የተለቀቀው በቀናት ውስጥ ተበልቶ ያልቃል። አሞኒያም አየር ባገኘ ወንዝ ውስጥ ይለወጣል። ጀርም በፀሐይ ይሞታል። የነሐሴው ለመስከረም አይተርፍም።

ናይትሬት ግን ቂመኛ ነው። በአፈር ውስጥ ከውሃው ጋር ይወርዳል፣ አሸዋ አይዘውም፣ ጉድጓድ ከደረሰ ለዓመታት ይቆያል። በነሐሴም ይለቀቅ በጥር፣ ለጉድጓዱ አንድ ነው፤ የሚደመረው የዓመቱ ጠቅላላ ኪሎ ነው። ጨውና እንደ ክሮሚየም ያሉ ብረቶችም ከዚሁ ወገን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የናይትሬት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ ዱቄት ወተት የሚጠጡ ጨቅላዎች ደም ኦክስጅን መሸከም ይከብደዋል። በድሬዳዋ ከተማ ውስጥ ባሉ ጉድጓዶች የናይትሬት መብዛት በተመራማሪዎች ሲነሳ የቆየ ጉዳይ ነው፤ ዋነኛ ተጠርጣሪዎቹም ከታች ያልተለሰኑ የሽንት ቤት ጉድጓዶችና የሴፕቲክ ታንክ ማስረጊያዎች ናቸው።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ለናይትሮጅን የሚስማማው ወቅታዊ ሳይሆን ዓመታዊ ጭነት ገደብ ነው፦ በሊትር ስንት ሳይሆን በዓመት ስንት ኪሎ።

ሕጉም ለማላላት በሩን ሰፋ አድርጎ አልከፈተም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ መስፈርት እንዲያወጡ ይፈቅዳል፤ የላላ ማውጣት ግን ይከለክላል።

በበጋ አጠራቅሞ በክረምት መልቀቅስ?

በሰሜን አሜሪካ ትናንሽ ከተሞች ይህን ያደርጋሉ፦ ወንዙ እስኪሞላ ፍሳሹን በኩሬ ያቆዩታል። በድሬ እንሞክረው። በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ለ9 ወር ማጠራቀም 270,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ በ2 ሜትር ጥልቀት 13.5 ሄክታር። ፀሐዩ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ቢያተን ከዚያ ስፋት ላይ በየቀኑ 810 ሜትር ኩብ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ማለትም ኩሬው ብዙም የሚለቀው አይኖረውም። እሰየው የሚያሰኝ ይመስላል፤ ነገር ግን ጨው አይተንም። የሚተርፈው አምስተኛው እጅ ውሃ የአምስቱን ጨው ይሸከማል፣ ለመስኖም አይሆንም። ወለሉ በጭቃ አፈር ወይም በፕላስቲክ ካልተለሰነ ደግሞ ኩሬው ራሱ 13.5 ሄክታር የሽንት ቤት ጉድጓድ ነው።

እንግዲህ በድሬ ወቅት ምንም ቦታ የለውም?

አለው፤ አቅጣጫው ግን ሌላ ነው። በበጋ ውሃ ብርቅ ነው፣ የተጣራ ፍሳሽ ደግሞ አትክልት አጠጪ የሚሻማበት ሀብት ነው። በዚህ ጊዜ የሚጠብቀው ገደብ የጀርሙና የጥገኛ ትሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ጥሬ ለሚበላ አትክልት በ100 ሚሊ ሊትር ከ1,000 ያልበለጠ የዓይነ ምድር ባክቴሪያ፣ በሊትር ከአንድ ያልበለጠ የትል እንቁላል አስቀምጦ ነበር፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ከማጣሪያ እስከ ማጠቢያ ያለውን ሰንሰለት ወደሚያይ አሠራር ቀየረው። ክሎሪን ባክቴሪያውን ይገድላል፣ የትሉን እንቁላል ግን አይነካውም። እንቁላሉ የሚወገደው በኩሬ ውስጥ በዝግታ ሲዘቅጥ ነው፤ ስለዚህ ለሰላጣ የሚሆን ውሃ የሚፈልግ ሰው በክሎሪን በርሜል ሳይሆን በመቆያ ቀናት ይከፍላል። አሜሪካ ውስጥ ሰው በሚዋኝባቸው ወራት ብቻ ጀርም የሚገድሉ ጣቢያዎች አሉ፤ እዚህ የዋናውን ወራት በመስኖ ወራት መተካት ይቻላል።

በመስኖ የሚውል ከሆነ ናይትሮጅኑም ወዳጅ ይሆናል፤ ተክሉ እስከጠጣው ድረስ። ከሚፈልገው በላይ ከተጠጣ የቀረው ያው ወደ ጉድጓድ ነው።

ገደቡን በቀን መቁጠሪያ መቀያየር ቀላል ነው?

አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። አየሩን ቀንሰው ዝቃጩን ቶሎ ቶሎ ካወጡ አሞኒያ በሊታዎቹ ታጥበው ይሄዳሉ። እንደገና ለመብዛት ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይፈልጋሉ። ጠባቡ ገደብ መስከረም 1 የሚጀምር ከሆነ አየር መንፊያው ነሐሴ መግቢያ ላይ መመለስ አለበት፤ የሦስት ወሩ ቁጠባ ወደ ሁለት ወር ይወርዳል። የተቀነሰ አየር ዝቃጩን እንደ ጥጥ የሚያፈካ ክርማ ባክቴሪያም ይጠራል፤ ያኔ ዝቃጩ አልዘቅጥ ብሎ ከውሃው ጋር ይወጣል።

ገደቡን ከቀን ይልቅ ከፍሰት ጋር ማሰርም ይቻላል፤ ወንዙ ይህን ያህል ሲደርስ ብቻ ይላላ ማለት ነው። ለዚህ ፍሰት መለኪያ ያስፈልጋል። አልጋው በየጎርፉ በሚቀያየር አሸዋ ላይ ደግሞ የመለኪያው ንባብ ከአንድ ጎርፍ ወደ ሌላው ትርጉሙ ይለወጣል። የቢኦዲ ውጤት 5 ቀን ስለሚፈጅ ተቆጣጣሪው ቁጥሩን የሚያየው ጎርፉ ካለፈ በኋላ ነው።

ቱቦ ለሌለው ቤትስ ይህ ምኑ ነው?

የድሬዳዋ ቤቶች በብዛት የሚጠቀሙት የሽንት ቤት ጉድጓድና ሴፕቲክ ታንክ ስለሆነ፣ ወቅቱ በይበልጥ የሚሰማው በመምጠጫ መኪናው በኩል ነው። የተመጠጠው ዝቃጭ በአሸዋ መደብ ላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ተደፍቶ ይደርቃል። በበጋ ፀሐይ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበቃዋል፤ ዝናብ በደጋገመ ቁጥር ይራዘማል፣ መደቡም ይያዛል። ጉድጓድ የሚሞላውና የሚገነፍለው ደግሞ በዚያው በዝናቡ ወቅት ነው። ፈላጊው ሲበዛ መደቡ ከጠበበ መኪናው ወረፋ ይጠብቃል ወይም በጨለማ ወደ አሸዋው ያዞራል። መደቡን በቀላል የቆርቆሮ ጣራ መሸፈን፣ የሞላ ጉድጓድንም በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ ማስመጠጥ፣ ገደብን ለክረምት ማላላት የማያስቀረውን ናይትሮጅን ከደቻቱ ያስቀራል።